የኮረብታው መተንፈሻ

ጥቅምት 3 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጢጢዬ፤

ይህ ወረቀት ጤና ሆነሽ፣ ሥራሽ ቀንቶሽ፣ ብርዱም ራርቶልሽ ያግኝሽ። በሰው አገር «እንዴት ዋልሽ» የሚልሽ ሰው አያሳጣሽ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በሌላውም ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ ፈልጌ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ፤ ሦስተኛው ይኸው።

ለምን በስልክ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት ፖስታ ቤት ቆሜ በስልክ ስንነጋገር «ጋሼ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?» ብትዪኝ «ሐሙስ» ብሎ መለሰላት ብላ እናትሽ እስከ ዛሬ መሳቂያ አድርጋኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሁለት ፓምፕ ጋር በአንድ ክፍል የዋለ ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ይሁን።

አሁን ግን ያ ጆሮ ጉድ አመጣብኝ። መስከረም 22 ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ድርግም አለ። ፓምፑ ቆመ። ደንቡ እንደሚለው ዋናውን ቫልቭ በእጄ ልዘጋ ከወንበሬ ተነስቼ መሪውን ያዝኩ። ሦስት ዙር እንዳዞርኩ ወለሉ ከጫማዬ ሥር መታኝ። እኔ የምሰማው እንደዚያ ነው፤ በእግሬ። ፓምፑ ሲቆም አንዴ በትንሹ ነክቶኝ ነበር፤ ይኼኛው ግን ጉልበቴ ድረስ ወጣ። የግፊት መለኪያው መርፌ ዘለለና ወደቀ። መስመሩ እንደተቀደደ ገባኝ።

የተቀደደው ወደ ኮረብታው በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ነበር። በያጁ ፍንጣሪ ነበር፣ ልጄ። ጠዋት ከእኔ ጋር ተሳስቆ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ቆፍሬ ልየው ብሎ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። እኔን ከሥራ አግደው የፓምፕ ጣቢያውን ቁልፍ ተቀበሉኝ። የሚሉት እንዲህ ነው፤ «ሰውዬው አይሰማም። ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ደንግጦ ቫልቩን ጠርቅሞ ዘጋው፤ የሚሮጠው ውሃ ከብረቱ ጋር ተላትሞ መስመሩን ቀደደው።» ሦስት ዙር ነው ያዞርኩት ብላቸው ማን አይቶ? ብቻዬን ነበርኩ።

አንቺ እዚያ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲደነግጥ ምን እንደሚሆን በማሽን የምታሰሉ ሰዎች ጋ ነሽ። አስዪልኝ። የአንድ ሽማግሌ እጅ ያን ብረት ሊቀድ ይችላል ወይ? ይችላል ከሆነም ይችላል በዪኝ። ከፍንጣሪ ጋር ሃያ ዓመት ከአንድ ሳህን በልተናል፤ እጄ ከሆነ የገደለው ልወቀው።

ለእናትሽ እንዳትጽፊላት። በሞቴ።

አጎትሽ

ጥቅምት 24 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እንደ አባት ላሳደጉኝ ለእርስዎ፣ ሰላምታዬ ካለሁበት ተነስቶ ካሉበት ድረስ መጥቶ እግርዎን ይሳም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ በር ላይ ተቀብዬ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጋሽ ፍንጣሪን ማመን አቃተኝ። ልጅ ሆኜ ስሄድ ስመጣ «አይንሽን ጨፍኚ!» ብሎ የሚጮህብኝ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ነፍሱን ይማር።

ጋሼ፣ አሰላለሁ። ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አለቃዬን ለመንኩትና ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ባለችው አንድ ሰዓት እንድጠቀም ፈቀደልኝ። ሽማግሌ ሰውዬ ነው፤ ጉዳዩን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ «አጎትሽ በእግሩ ስንት ጊዜ ነው የሰማው?» አለኝ። ሁለቴ አልኩት። «በመሀሉ ስንት ሰከንድ እንደነበር ጠይቂው» አለኝ።

ስለዚህ አሥራ ሁለት ጥያቄ በሌላው ወረቀት ቁጥር ሰጥቼ ጽፌልዎታለሁ። የመስመሩ ርዝመት፣ የቧንቧው ስፋትና የብረቱ ውፍረት፣ የኮረብታውና የማጠራቀሚያው ከፍታ፣ መለኪያው በደህና ቀን የሚያሳየው፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ለመዘጋት ስንት ዙር እንደሚፈልግ፣ ወዘተ። መጨረሻ ላይ ያለው ከሁሉም ይበልጣል፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ዕቃ አለ ወይ? ካለ ይሠራል ወይ? ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየር ይታሰራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እዚያው ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያለዚያ መልስ የማሰላው ሁሉ ግማሽ ነው።

ይጠንክሩ። በደንብ ይብሉ። የእማዬን ነገር እሺ፣ አልጽፍላትም።

ሚጢጢዎ

ኅዳር 12 ቀን

ለሚጢጢዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ እጅሽ ይባረክ፤ አለቃሽንም ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ከዚህ ካሉት አለቆች ይልቅ እሱ ጠይቆኛል።

መስመሩ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ነው። እኔ ራሴ ሲዘረጋ በገመድ የለካሁት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ሌላ ቢጽፉም እኔን እመኚ። ከጣቢያው እስከ ኮረብታው ጫፍ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ከጫፉ ወደ ማጠራቀሚያው ቁልቁል ነው። ቧንቧው ሦስት መቶ ሚሊ፣ የብረቱ ውፍረት ስድስት ሚሊ፣ ዝገት የበላውን ቀንሺ። ኮረብታው ከጣቢያው ሰማንያ አምስት ሜትር ይበልጣል፤ ማጠራቀሚያው ስልሳ። መለኪያው በደህና ቀን አሥር ላይ ይቆማል። ብረቱ ሲገዛ እስከ አሥራ ስድስት ይችላል ተብሎ ነው። ፍንጣሪ የነበረበት ጉድጓድ ከጫፉ በዚህ በኩል ዘጠኝ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

መሪው አርባ ሁለት ዙር ነው። በወጣትነቴ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ዛሬ ሁለት ደቂቃ። መጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ምላስ ያስወጣሉ። ፓምፑ ከቆመ ወለሉ እስከመታኝ ያለውን ጊዜ ቤት ቁጭ ብዬ መላልሼ ተነስቼ እየሄድኩ ቆጠርኩት። ከወንበሬ መነሳት፣ አራት እርምጃ፣ እጄን በጨርቅ መጥረግ (ሁልጊዜ እጠርጋለሁ)፣ ሦስት ዙር። አሥራ ሦስት ወይ አሥራ አራት ሰከንድ ነው።

የፍንጣሪ ሚስት በየቀኑ ከቀትር በፊት ትመጣና ከበሬ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አትሰድበኝም። አታለቅስም። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ትናንት ውሃ ይዤላት ወጣሁ፤ ብርጭቆውን አይታ ፊቷን አዞረች። ከከተማው ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ሰው በቦቴ መኪና ጀርባ ጄሪካን ይዞ ሲጋፋ ይውላል፤ እሱም የእኔ ጥፋት ነው ይሉኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉት እነሱ፣ ደንቆሮ የምባለው እኔ።

እናትሽ ኮረብታው ላይ ደህና ናት። ቤቷም ደህና ነው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

የዛሬው ሰላምታዬ ከምሥራች ጋር ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። እጅዎ ንጹሕ ነው።

እንዲህ ነው። ቧንቧ ውስጥ ውሃ በድንገት ሲቆም ድንጋጤው በብረቱ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር ይሮጣል። ከእርስዎ ጣቢያ ተነስቶ ማጠራቀሚያው ደርሶ እስኪመለስ ስምንት ሰከንድ አይሞላም። ቫልቭ አደጋ የሚሆነው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከተዘጋ ነው። እርስዎ በሁለት ደቂቃ የሚዘጉትን በአርባ ሰከንድ ዘጉት ብዬ አስቤ እንኳን አሰላሁት። መለኪያው ከአሥራ ሦስት አያልፍም። ሦስት ዙር ደግሞ ምንም ነው፤ ውሃው አላወቀውም። አለቃዬ ስሌቱን አንድ በአንድ አይቶ ፈርሞበታል።

ነገር ግን ጋሼ፣ ብረቱ ተቀዷል። ምን ቀደደው?

መብራቱ ሲጠፋ ፓምፑ መግፋቱን ይተዋል። ከኮረብታው ጫፍ ወዲያ ያለው ውሃ ግን ቁልቁል መሮጡን አይተውም። ጫፉ ላይ ውሃው ለሁለት ተቆርጦ ባዶ ይቀራል። እዚያ ያለው መተንፈሻ ክፍት ከሆነ አየር ይገባና ባዶውን ይሞላል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሳሰላው መለኪያው ከአሥራ አራት አላለፈም፤ መስመሩ አይቀደድም ነበር። መተንፈሻው ዝግ ነው ብዬ ሳሰላው ግን ሁለቱ ውሃዎች ባዶው ላይ ተመልሰው ይላተማሉ። ሃያ አራት! በስንት ሰከንድ ይመስልዎታል? በአሥራ ሦስት። የእርስዎ እግር ከእኛ ማሽን ጋር ገጠመ። አለቃዬ ከወንበሩ ተነሳ።

ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄ አሥራ አንዱን መልሰውልኛል። መጨረሻውን ዘለሉት። ረስተውት መሆን አለበት።

ጊዜ እንዳይጠፋ ብዬ የስሌቱን ቅጂ በዛሬው ፖስታ በቀጥታ ለአጣሪ ኮሚቴው ልኬያለሁ። «ኮረብታው ጫፍ ያለውን መተንፈሻ መርምሩ» የሚለውን ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ከእንግዲህ ማንም በእርስዎ ላይ ጣቱን አይቀስርም።

ደስ ይበልዎ።

ሚጢጢዎ

ታኅሣሥ 6 ቀን

ሚጢጢዬ፤

ጤና ይስጥሽ። ስሌቱን ተዪው። ለማንም እንዳትልኪ። ትናንት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ጆሮዬ ስለማይሰማ ደንግጬ ዘግቼው ሊሆን ይችላል ብዬ ፈርሜያለሁ። በጡረታ አሰናብተውኝ ነገሩ ይዘጋል ብለዋል። ደክሞኛል። ስለ ኮረብታው ሁለተኛ አትጠይቂኝ። የጻፍኩልሽንም ሁሉ ቅደጂው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 25 ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ነው የምጽፈው።

ምን ብለው ነው የፈረሙት? ያላደረጉትን? እኔ ለኮሚቴው የላክሁት መንገድ ላይ ነው፤ ምናልባትም ደርሷል። ልመልሰው አልችልም፤ ብችልም አልመልሰውም። እርስዎ ነዎት «እጄ ከሆነ የገደለው ልወቀው» ያሉኝ። አሁን እጅዎ አለመሆኑን እያወቁ እጄ ነው ማለት ምን የሚሉት ነው? ማንን እየሸፈኑ ነው?

ይሁን፣ ይህንንም አይንገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ በልጅነቴ ይዤዎታለሁ። መስመሩን ጠግነው መቼ ነው ውሃ የሚሞሉት? መተንፈሻው ዝግ እንደሆነ ከሞሉት አየሩ ጫፉ ላይ ታስሮ ይጨመቃል። በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ያው አሥራ ሦስት ሰከንድ ይመጣል። ዳገቱ ላይ ሰዎች አፈር እየመለሱ ይሆናል። ጋሼ፣ እባክዎ።

ሚጢጢ

ጥር 9 ቀን

ለልጄ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ወረቀትሽ ኮሚቴው ጋ ደረሰ። ኮረብታው ላይ ወጡ። መተንፈሻው ሥር ያለችው ትንሽ መዝጊያ ዝግ ሆና፣ እንዳትከፈት በሽቦ ተጠምጥማ አገኟት። ጠሩኝና ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። «የማን እጅ ነው ይህ?» አሉ። በጽሑፍ ነው የሚጠይቁኝ፤ ወረቀት እየገፉልኝ። የእኔ ነው አልኩ።

ሚጢጢዬ፣ ለሁለት ወር የዘለልኩት ጥያቄ ይኼ ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁት። የዛሬ አራት ዓመት።

ለምን እንደሆነ ላልነግርሽ ነበር። ግን ልታውቂው የምትችዪ ነሽ፤ አንድ ቀን ብቻሽን ሆነሽ ትደርሺበታለሽ፤ ያኔ ከምትደርሺበት ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ በሄድሽበት ዓመት፣ ገና ቋንቋ ስትማሪ፣ የጻፍሽልኝን አስታውሺ። እናትሽ ቤት አጠገብ ያለው ብረት በየቀኑ እየተነፈሰ ውሃ ይተፋል፤ የጓዳው ግድግዳ ረጥቦ እየተፈረፈረ ነው፤ እማዬ ደረቷን እያመማት ነው፤ ጋሼ እርስዎ አያቅትዎትም፣ እባክዎ ያን ነገር ዝም ያሰኙልኝ ብለሽ ነበር። እኔም ዝም አሰኘሁት። ሠላሳ ዓመት ፓምፕ ላይ የኖርኩ ሰው ለምን እንደተተከለ ባላውቅ ነው? አውቅ ነበር። በየወሩ ወጥቼ በእጄ ከፍቼ አየሩን አስወጥቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ሁለት ዓመት እንደዚያ አደረግሁ። ከዚያ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። መብራት ቢጠፋም ብረቱ ቻለው፤ ምንም ሳይሆን ቀረ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ሰው ይረሳል።

አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም። እኔ ነኝ ማወቅ የነበረብኝ። ያን ደብዳቤሽን አቃጥዬዋለሁ፤ ለኮሚቴውም «ስለሚያፈስ ዘጋሁት» ነው ያልኩት። ያንቺም የእናትሽም ስም የለበትም። አይኖርበትምም።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ልጄ፣ ጉድ ፈልቷል። መተንፈሻውን «ኤግዚቢት ነው» ብለው ከነመዝጊያው ፈትተው ወሰዱት፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። የነበረበትን ቀዳዳ በስምንት ብሎን በድፍን ብረት ከደኑት። በድፍኑ! የካቲት 5 ሁለቱንም ፓምፕ በአንድ ጊዜ አስነስተው ሊሞሉ ነው፤ ሕዝቡ ተቆጥቶባቸዋልና ቸኩለዋል። የጥገና ኃላፊው ጋ ሄጄ ለመንኩት። ወረቀት ላይ ምን ብሎ ጻፈልኝ መሰለሽ፤ «ተጠርጣሪ ነህ። ከተጠርጣሪ የሙያ ምክር አንቀበልም።»

ምን ላድርግ? ቶሎ በዪኝ።

አጎትሽ

ጥር 27 ቀን፤ ቴሌግራም

ለውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት። ኮረብታው ላይ መተንፈሻ ሳይመለስ መስመሩን አትሙሉ። ሰው ይሞታል። ስሌቱ እጃችሁ ላይ ነው።

ጥር 27 ቀን፤ ቴሌግራም

ለጋሼ። እምቢ ካሉ ውሃ ከመግባቱ በፊት የክዳኑን ብሎኖች ያላሉ። ጨርሰው አይፍቱ። አየሩ በስንጥቅ ቀስ ብሎ ይውጣ። በአንዴ ከወጣ ውሃው ተከትሎ ይመታል። ግፊት ከገባ በኋላ አይንኩት። ያን የድሮ ደብዳቤዬን አስታውሻለሁ። እኔ ነኝ።

የካቲት 14 ቀን

ለሚጢጢዬ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከፖሊስ ጣቢያ ነው፤ አትደንግጪ፣ ብርድ ልብስ እናትሽ አምጥታልኛለች።

ቴሌግራምሽ የካቲት 2 ደረሰኝ። ለመሥሪያ ቤቱ የላክሽውም ደርሷል፤ ጸሐፊዋ «ለኃላፊው አስገብቻለሁ» አለችኝ። ኃላፊው ግን ለአራት ቀን ስብሰባ ወጥቷል። የካቲት 5 ጠዋት ትልቁን የብሎን መፍቻ በኮቴ ውስጥ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ አረፍኩ። ዳገቱ ላይ አፈር የሚመልሱ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ውጡ ብላቸው በእኔ እየተጠቋቆሙ ሳቁ።

ስምንቱንም ብሎን እንዳልሽኝ አላላሁ። ከዚያ ምን እንደገጠመኝ ታውቂያለሽ? አየሩ መውጣት መጀመሩን በምን ልወቅ? ሲያፏጭ አልሰማም። እጄን ብረቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን ከብርድና ከፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ይንቀጥቀጥ እኔ ልንቀጥቀጥ መለየት አቃተኝ።

እናትሽ ከቤቷ ወጣች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይኼ ያ የሚተፋው ነገር አይደለም እንዴ?» አለች። ነው አልኳት። «ለእኔ ግድግዳ ብለህ ነው የዘጋኸው?» አለችኝ። ልጄ፣ እንዲህ ስታለቅስ አባታችን የሞተ ቀን እንኳን አላየኋትም። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ «ምን ልስማልህ?» አለችኝ።

አየር ሲያፏጭ ቀኝ እጅሽን አንሺ፣ ውሃ ሲተፋ አውርጂው አልኳት። አምስት ሰዓት ላይ ፓምፖቹ ተነሱ። እጇን አነሳች። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አላወረደችም፤ ሲደክማት በግራዋ ደገፈችው። አንዴ በኃይል ሲወጣ ፊቷን አይቼ ሁለት ብሎን ጠበቅ አደረግሁ። ከዚያ አወረደችው፤ ውሃ ልብሳችንን አረጠበው።

የኃላፊው ምክትል ከሁለት ፖሊስ ጋር የመጣው ያኔ ነው። አፉ ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ። እናትሽ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ መሀል ገብታ «እሱ አይሰማም፤ የምትለውን ለእኔ በለኝ» አለችው። የምርመራ ቦታ ነክተሃል ብለው ይዘውኝ ወረዱ።

መስመሩ አልተቀደደም። ማንም አልሞተም። ምንም ያልሆነውን ነገር ደግሞ ማን ይመሰክርልኛል? ኃላፊው «በድፍኑም ቢሆን ደህና ይሞላ ነበር» ብሎ ጽፏል። ግን ከኮሚቴው አንዱ መሐንዲስ ስሌትሽን እንደገና አንብቦ፣ ማንንም ሳያማክር መተንፈሻውን ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥቶ መልሶ አስተክሎታል። ከትናንት ወዲያ መብራት ሁለቴ ጠፋ። እናትሽ እየመጣች ነገረችኝ፤ ተነፈሰ፣ ዝም አለ።

በፍንጣሪ ሞት ክሱ ቀርቦብኛል። አልከራከርም።

አጎትሽ

ሰኔ 7 ቀን

ለሚጢጢዬ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ፍርድ ቤት ቀርበሽ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ልትዪ እንደምትመጪ ስለጻፍሽ ፈርቼ ነው። አሁን ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ፍርዱ ተሰጥቷል። ሦስት ዓመት ነው። ዳኛው ዕድሜዬን አይቶ ቀንሶልኛል። ሥራ ሰጥተውኛል፤ የግቢውን ቧንቧ እንድጠግን። ከዚህ ሁሉ እስረኛ መሀል የሚያንጠባጥብ ነገር ሲያዩ የሚጠሩት እኔን ነው።

እሑድ የፍንጣሪ ሚስት መጣች። ከሽቦው ወዲያ ቆመች። ምን እንዳለች አልሰማኋትም። ዘበኛው ሊጮህልኝ ቢሞክር እጇን ይዛ ከለከለችውና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈች። እንዳለ ገልብጬ ልላክልሽ፤

«ዘጋሁት ብለህ ሸንጎ ላይ አምነሃል፤ ሰምቻለሁ። ይቅር ልበልህ ወይ አልበልህ ገና አላወቅሁም። የመጣሁት ለሌላ ነው። አንተ የውሃውን ነገር ታውቃለህ። ሲመጣ አይቶታል? ፈርቷል? ስንት ጊዜ ፈጀበት? ሰው ሁሉ ወዲያው ነው ይለኛል። ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ እንደሚለው አይደለም የምፈልገው።»

የእህቴን ልጅ ልጠይቃት አልኳት። የልጅቱ ስም ማን ነው ብላ ጻፈች፤ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ አስዪልኝ። ለእኔ አይደለም። እውነቱን ብቻ። ክፉም ከሆነ ክፉውን ላኪው፤ እሷ ትችለዋለች።

አጎትሽ

ሰኔ 29 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

በታሰሩበት ፈጣሪ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህን ስሌት አራት ቀን ሠርቼዋለሁ፤ አለቃዬም ለብቻው ሠርቶት አንድ ቦታ ደርሰናል። ለእርሷ እንዲያነቡላት በቀላሉ ጽፌዋለሁ።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለአሥር ሰከንድ ያህል በዚያ ቦታ ግፊቱ ወርዶ ነበር። በብረቱ ላይ ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ መጋጠሚያው መንጠባጠቡን ይቀንሳል፣ ምናልባትም ይቆማል። ጋሽ ፍንጣሪ ያንን አይቶ ይሆናል። አሳምሬ ያዝኩት ብሎ ይሆናል፤ ይህን ማሽኑ አይነግረኝም፤ እኔ እሱን ስለማውቀው ነው።

ከዚያ ጫፉ ላይ ውሃዎቹ ተላተሙ። ድንጋጤው ዘጠኝ መቶ ሜትሩን ወርዶ እሱ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ፈጀበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ አይቀድምም። ብረቱ ተቀዶ ውሃው እሱን እስኪነካው ያለው ጊዜ ደግሞ ሰከንድን ለመቶ ቢከፍሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ነው። ዓይን ለመጨፈን ከዚህ አሥር እጥፍ ይፈልጋል። አላየውም። ለመፍራት ጊዜ አልነበረውም። ከነካው በኋላ ያለውን ማስላት አልችልም፤ ያንን የሚያውቀው አስከሬኑን ያየ ሐኪም ነው፤ እሱን ትጠይቅ። የማላውቀውን አውቃለሁ አልላትም።

ይህንን ሲያነቡላት፣ ጋሼ፣ ስሜን ይንገሯት። ሙሉ ስሜን። ያን መተንፈሻ ዝም አሰኙልኝ ብላ የለመነችው እሷ ናት ይበሏት። አያስቡልኝ። እርስዎ ሦስት ዓመት ተቀምጠው እኔ እዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ማንም የማያውቀኝ ሰው ሆኜ መኖር አልቻልኩም። ሞከርኩ፤ አልሆነም።

አድራሻዬን ለብቻው በትልልቁ ጽፌ ጨምሬዋለሁ። ለእሷ ይስጧት። ልትሰድበኝ ከፈለገች ትጻፍልኝ፤ ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ ከፈለገችም ትጠይቀኝ። መልስ ሳልጽፍላት አንድ ቀን አላሳድርም።

የእህትዎ ልጅ